ብዙ ቁጥሮችን በተከታታይ ማባዛት

ከሬዲዮ የመሠረተ ትምህርት ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ

ደብተራችሁን ግለጡ፤ እርሳሳችሁንም ቅረጹ። ደብተር የሌላችሁ ሰሌዳና ከሰል ይበቃችኋል። እሱም ከሌለ መሬት ላይ በእንጨት መጻፍ ይቻላል። ሒሳብ የሚጠይቀው ልብን እንጂ ወረቀትን አይደለም።

እስካሁን ሁለት ቁጥሮችን ማባዛት ለምደናል። 3 × 4 ሲባል 12፣ 6 × 7 ሲባል 42 ማለት ችለናል። ነገር ግን ኑሯችን ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር ብቻ ይዞ አይመጣም። ሠራተኛው ስንት ነው? ስንት ቀን ሠራ? የቀን ሒሳቡስ ስንት ብር ነው? ይኸው ሦስት ቁጥር ሆነ። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም የበለጡ ቁጥሮችን በተከታታይ ማባዛት ነው።

ከዛሬው ትምህርት አንድ ዋና ነገር ይዛችሁ ትነሣላችሁ። ይኸውም፦ የሚባዙ ቁጥሮችን በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ብታባዙ መልሱ አንድ ነው። ይህን ማወቅ ሥራን ያቀላል። ከዚያም በላይ ሌላ ሰው ያሰላላችሁን ሒሳብ ራሳችሁ እንድትመረምሩ ያስችላችኋል።

1. ከቡናው እንጀምር

አንዲት እናት 8 ጎረቤቶች ቡና ጠርተዋል እንበል። እያንዳንዱ ጎረቤት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይጠጣል። ይህ 3 ሲኒ ነው። በእያንዳንዱ ሲኒ 2 ማንኪያ ስኳር ይጨመራል። ታዲያ ስንት ማንኪያ ስኳር ያስፈልጋል?

እንዲህ ብለን እንጽፋለን፦

8 × 3 × 2 = ?

ሦስቱን ቁጥሮች በአንድ ጊዜ ማባዛት አይቻልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁለቱን እናባዛለን። ከዚያ ያገኘነውን ውጤት በሦስተኛው እናባዛለን።

8 × 3 = 24
24 × 2 = 48

መልሱ 48 ማንኪያ ነው። በማባዛት የሚገኘው ውጤት ብዜት ይባላል። የ8፣ የ3 እና የ2 ብዜት 48 ነው ማለት ነው።

እስቲ አሁን ሌላ መንገድ እንሞክር። መጀመሪያ አንድ ጎረቤት ብቻውን ስንት ማንኪያ እንደሚያስፈልገው እንጠይቅ። 3 ሲኒ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ፦ 3 × 2 = 6። ጎረቤቶቹ 8 ናቸው፦ 8 × 6 = 48።

ሦስተኛም መንገድ አለ። መጀመሪያ ለአቦሉ ብቻ እናስላ። 8 ሲኒ፣ ሁለት ሁለት ማንኪያ፦ 8 × 2 = 16። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ዙር ነው፦ 16 × 3 = 48።

አያችሁ? በሦስቱም መንገድ 48 ሆነ። ለምን? ስኳሩ ያው ስኳር ነዋ! አንድ ጊዜ በሲኒ፣ አንድ ጊዜ በሰው፣ አንድ ጊዜ በዙር ቆጠርነው። የተለወጠው የአቆጣጠሩ መንገድ ነው እንጂ የተቆጠረው ነገር አይደለም።

2. ማባዛት መሆኑን በምን እናውቃለን?

ብዙ ሰው የሚቸገረው በማባዛቱ ሳይሆን መቼ ማባዛት፣ መቼ መደመር እንዳለበት በመለየቱ ነው። ቋንቋችን ራሱ ምልክት ይሰጠናል።

«ለአራት ልጆች ሦስት እንጀራ ስጧቸው» ቢባል እንጀራው 3 ነው። «ለአራት ልጆች ሦስት ሦስት እንጀራ ስጧቸው» ቢባል ግን እንጀራው 4 × 3 = 12 ነው። ቃሉ ሁለት ጊዜ ሲደገም፣ «ሁለት ሁለት»፣ «አምስት አምስት» ሲባል፣ ማባዛት መጣ ማለት ነው። «እያንዳንዱ»፣ «በየቀኑ»፣ «በየወሩ»፣ «በየቤቱ» የሚሉ ቃላትም ወደ ማባዛት ይመራሉ። «ደግሞ»፣ «በተጨማሪ»፣ «ሌላም» የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ መደመርን ያመለክታሉ።

ይህን እንመልከት። 5 አህዮች ሁለት ሁለት ጆንያ ተጭነዋል። በእያንዳንዱ ጆንያ 25 ኪሎ ጤፍ አለ። ጤፉ በጠቅላላው ስንት ኪሎ ነው? «ሁለት ሁለት» ተባለ፤ «በእያንዳንዱ» ተባለ። ስለዚህ እናባዛለን።

5 × 2 × 25
10 × 25 = 250

ጤፉ 250 ኪሎ ነው። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ኩንታል ተኩል መሆኑ ነው። ብንደምረው 5 ሲደመር 2 ሲደመር 25፣ 32 ይመጣል። ግን 32 ምን? አህያ ነው? ጆንያ ነው? ኪሎ ነው? አህያና ኪሎ አይደመርም። መልሳችሁ የምን መልስ እንደሆነ ሁልጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ።

3. ቀላሉን መንገድ መምረጥ

ቅደም ተከተሉ መልሱን የማይለውጠው ከሆነ፣ ለምን አስቸጋሪውን መንገድ እንይዛለን? ቀላሉን እንምረጥ።

17 አባላት ያሉት ዕቁብ አለ እንበል። አባላቱ በየሳምንቱ ሃያ አምስት ሃያ አምስት ብር ይጥላሉ። በ4 ሳምንት ውስጥ በጠቅላላው ስንት ብር ይጣላል?

17 × 25 × 4

ከግራ ጀምረን 17ን በ25 ብናባዛ ያደክማል። ነገር ግን 25ን በ4 ብናስቀድም 100 ይሆናል። 17 መቶ ደግሞ 1,700 ነው። መልሱ 1,700 ብር። ያለ ወረቀት፣ በቃል ተሠራ አይደል?

የሚከተሉትን ጥንዶች በቃላችሁ ያዙ። ብዙ ቁጥር ሲመጣባችሁ መጀመሪያ እነዚህን ፈልጉ።

2 × 5 = 10
2 × 50 = 100
5 × 20 = 100
4 × 25 = 100
8 × 125 = 1,000

ጥንዱ በግልጥ ባይታይ አንዱን ቁጥር ፈትታችሁ ፈልጉት። 12 × 25 ስንት ነው? 12 ማለት 3 × 4 ነው። ስለዚህ 3 × 4 × 25 ብለን እንጽፋለን። 4 × 25 = 100፤ 3 መቶ 300። ሁለት የነበረውን ቁጥር ሦስት አድርገን አቀለልነው።

መጨረሻቸው ዜሮ የሆኑ ቁጥሮችም ቀላል ናቸው። ዜሮዎቹን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጓቸው፤ ቀሪዎቹን አባዙ፤ ከዚያ ዜሮዎቹን ቆጥራችሁ መልሷቸው።

30 × 20 × 5
3 × 2 × 5 = 30
ወደ ጎን ያደረግነው ዜሮ ሁለት ነው፤ ስንመልሰው 3,000

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ30 መጨረሻ ላይ ያለው ዜሮ ከብዜቱ የመጣ ነው እንጂ ወደ ጎን ካደረግናቸው አንዱ አይደለም። እሱን እንደተመለሰ ቆጥሮ 300 ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ። አንድ ዜሮ ስታመልጥ ከ3,000 ብር ውስጥ 2,700ው ጠፋ ማለት ነው። ዜሮ በመጨረሻ ስትቆም ቀላል አይደለችም።

ስለ 1 እና ስለ 0 ደግሞ ይህን አስታውሱ። በ1 ማባዛት ቁጥሩን አይለውጠውም፦ 7 × 1 × 6 = 42። ከሚባዙት ቁጥሮች አንዱ ራሱ 0 ከሆነ ግን ሌሎቹ ምንም ያህል ትልቅ ቢሆኑ መልሱ 0 ነው። 6 ሠራተኛ፣ 0 ቀን፣ 200 ብር፦ 6 × 0 × 200 = 0። ያልተሠራ ቀን አይከፈልበትም።

4. ሒሳብን መመርመር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ልብ ብላችሁ ተከታተሉ።

6 ሠራተኞች የግንብ ሥራ ያዙ እንበል። ስምምነታቸው በቀን ሁለት ሁለት መቶ ብር ነው። 15 ቀን ሠሩ። በመጨረሻ ካቦው ወረቀት ይዞ መጣ፤ «የሁላችሁም ሒሳብ 16,000 ብር ነው፤ ፈርሙ» አለ።

ማንበብ የማይችል ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ አሻራውን ያኖራል። ከሠራተኞቹ አንዱ ግን ቁጥር ተምሯል። «ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እስቲ እኔም ላስላው» አለ። ካቦው የጻፈውን ግን አልተከተለም። በራሱ መንገድ ሄደ።

መጀመሪያ የአንድ ሰው ሒሳብ፦ 15 × 200 = 3,000
ከዚያ የስድስቱ፦ 6 × 3,000 = 18,000

ካቦው 16,000 ብሏል። ሠራተኛው 18,000 አገኘ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። በምንም ቅደም ተከተል ቢባዛ መልሱ አንድ መሆን አለበት ብለናልና። እንግዲህ ወረቀቱን አብረው አዩት። ካቦው 6ን በ15 አባዝቶ 80 ብሎ ጽፏል። ትክክሉ 90 ነው።

የጎደለው 10 ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ያ 10 ተራ ቁጥር አይደለም። አንድ ሰው አሥር ቀን የሠራውን ያህል ድካም ነው። በ200 ብር ሲባዛ 2,000 ብር ሆነ። ለስድስት ሲካፈል ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ኪስ ከ333 ብር በላይ ሊወጣ ነበር። በማባዛት መጀመሪያ ላይ የገባች ትንሽ ስሕተት ከኋላ በሚመጣው ቁጥር እየተባዛች ታድጋለች።

ካቦው አውቆ ይሁን ተሳስቶ፣ ይህን ሒሳቡ አይነግረንም። ሰው ሁሉ ይሳሳታል። ስለዚህ ጠብ አያስፈልግም፤ ክርክርም አያስፈልግም። ወረቀቱን ዘርግቶ «በዚህ በኩል ሲሰላ እንዲህ ይመጣል» ማለት ይበቃል። ቁጥር በረጋ ድምፅ ሲነገር ይሰማል።

ከዚህ የምንማረው፦ ሒሳብ ስትመረምሩ ያንኑ መንገድ አትድገሙ። በመጣበት መንገድ የተመለሰ ያንኑ ጉድጓድ ያገኛል። ቅደም ተከተሉን ለውጣችሁ አስሉ። በሁለት መንገድ አንድ መልስ ካገኛችሁ በእርግጠኝነት ፈርሙ። ሁለት መልስ ከመጣ አንድ ቦታ ስሕተት አለና ሳትፈርሙ ፈልጉት።

5. መድኃኒትና ማባዛት

ለአንድ ሕፃን ፈሳሽ መድኃኒት ታዘዘ እንበል። ትእዛዙ «5 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ7 ቀን» ይላል። የተሰጠው ጠርሙስ 100 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ይበቃል ወይስ አይበቃም?

5 × 3 × 7
15 × 7 = 105

የሚያስፈልገው 105 ነው፤ ያለው 100 ነው። 5 ሚሊ ሊትር ይጎድላል። የመጨረሻው አንድ መጠን የለም ማለት ነው። ይህን ያሰላች እናት መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ አትጨነቅም። በመጀመሪያው ቀን እዚያው መድኃኒት ቤት ቆማ ትጠይቃለች። መድኃኒቱ እንዲዳረስ ብላ ግን በራስዋ መጠኑን አትቀንስም፤ ቀኑንም አታሳጥርም። የሚወስነው ባለሙያው ነው። መለኪያውም ከመድኃኒቱ ጋር የሚሰጠው ነው እንጂ የቤት ማንኪያ አይደለም፤ የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በሒሳብ 5 × 3 እና 3 × 5 አንድ ነው፤ ሁለቱም 15 ነው። ነገር ግን አምስት አምስት እያደረጉ በቀን ሦስት ጊዜ መስጠትና አሥራ አምስቱን በአንድ ጊዜ መስጠት አንድ አይደለም! በወረቀት ላይ ድምሩ አንድ ይሁን እንጂ የሕፃኑ ሰውነት አይቀበለውም፤ ሊጎዳው ይችላል። ማባዛት ስንት እንደሚያስፈልግ ይነግረናል። እንዴት እንደሚሰጥ የሚነግረን የሐኪሙ ትእዛዝ ነው።

6. የውኃ ጉድጓድ

የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም ጉድጓድ የሚቆፍሩ ገበሬዎች አሉ። ጉድጓዱ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን፣ ጎኖቹም ቀጥ ያሉ ቢሆኑ፣ ስንት ውኃ ይይዛል? ርዝመትን በስፋት፣ ያንን በጥልቀት እናባዛለን።

4 × 3 × 2 = 24

መልሱ 24 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 24 × 1,000 = 24,000 ሊትር።

አንድ ቤተሰብ በቀን 4 ጀሪካን ውኃ ይጠቀማል እንበል፤ ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው። በ30 ቀን ስንት ሊትር ይሆናል?

4 × 20 × 30
4 × 2 × 3 = 24፤ ሁለቱን ዜሮ ስንመልስ 2,400

በወር 2,400 ሊትር ነው። ጉድጓዱ ሙሉ ከሆነ፣ ውኃው ካልሰረገና ፀሐይ ካላደረቀው፣ የዐሥር ወር ውኃ ይዟል ማለት ነው። በእርግጥ ውኃ ይሰርጋል፤ ይተናልም። ግን ከመቆፈር በፊት እንዲህ አስልቶ የተነሣ ሰው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚደክምና ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።

7. ማባዛትና መደመር ሲቀላቀሉ

ቅደም ተከተሉን መለዋወጥ የሚቻለው በሚባዙት ቁጥሮች መካከል ብቻ ነው። መደመር ከገባበት እያንዳንዱን ለብቻ አባዝታችሁ በመጨረሻ ደምሩ።

4 ሠራተኞች 3 ቀን በ150 ብር ሠሩ። ሌላም 2 ቀን በ200 ብር ሠሩ።

4 × 3 × 150 = 1,800
4 × 2 × 200 = 1,600
1,800 + 1,600 = 3,400 ብር

«ሌላም» የሚለውን ቃል ልብ አላችሁት? መደመሩን ያመጣው እሱ ነው።

8. መልመጃ

አሁን ተራው የእናንተ ነው። መልሱን ሳታዩ ሞክሩ። ብቻችሁን ከከበዳችሁ ከልጆቻችሁ ወይም ከጎረቤት ጋር ሥሩት። በመጀመሪያ ቀላሉን ጥንድ ፈልጉ።

ሀ. 2 × 9 × 5 = ?
ለ. 25 × 7 × 4 = ?
ሐ. 5 ሰዎች በየቀኑ ሁለት ሁለት እንጀራ ይበላሉ። በ30 ቀን ስንት እንጀራ ይሆናል?
መ. ጳጉሜን ሳትቆጠር ዓመቱ 12 ወር ነው፤ ወሩ 30 ቀን፣ ቀኑ 24 ሰዓት ነው። ይህ ስንት ሰዓት ይሆናል?
ሠ. 8 ሸክም አውራጆች 5 ቀን ሠሩ። ሒሳባቸው በቀን መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ብር ነው። በወረቀቱ ላይ 5,000 ብር ተጽፏል። ልክ ነው?

መልሶቹ እነዚህ ናቸው። ሀ. 90። ለ. 700። ሐ. 300 እንጀራ። መ. 8,640 ሰዓት። ሠ. ልክ አይደለም፤ 5 × 150 = 750፣ 8 × 750 = 6,000 ብር ነው፤ 1,000 ብር ይጎድላል። የመጨረሻውን በሌላ ቅደም ተከተልም ሞክሩት፦ 8 × 5 = 40፤ 40 × 150 = 6,000። ያው መጣ።

ያልተሳካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ከብዜት ሠንጠረዡ የጎደላችሁን መስመር ፈልጉና ነገ ማለዳ ሥራ ስትጀምሩ በቃላችሁ ደጋግሙት። ቡና ሲቀርብ ሲኒውን ቁጠሩ፤ ገበያ ስትወጡ ጆንያውን ቁጠሩ። ማንም ሰው ወረቀት ዘርግቶ «ፈርሙ» ሲላችሁ፣ «አንድ ጊዜ ቆይ፤ በሌላ መንገድ ላስላው» በሉ። ይህ ነውር አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

በሚቀጥለው ትምህርታችን የማባዛትን ተቃራኒ፣ ማካፈልን እንጀምራለን። እስከዚያው በያላችሁበት ደኅና ሰንብቱ።